ህንዶች በምን ይኮራሉ?

ፑኔ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አብረውኝ የሚማሩ ልጆች ሲኒማ ጋበዙኝ። ፈንዲሻዬን ይዤ ወንበሬ ላይ እንደተመቻቸሁ መብራቱ ደብዘዝ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ባንዲራ መውለብለብ ጀመረ፣ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። እኔም ሰው ሲነሣ ተነሣሁ። ከፊቴ ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ከጎኔ ለስላሳውን በእጁ የያዘ ጎረምሳ፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ብሔራዊ መዝሙራቸው የሚፈጀው 52 ሰከንድ ያህል ነው። ሲያበቃ ከኋላ አንዱ “ባራት ማታ ኪ ጄይ!” ብሎ ጮኸ፤ “ክብር ለእናት ህንድ” እንደማለት ነው። ሰዉ ተቀመጠና ፊልሙ ጀመረ። ፊልሙም አንድ ጉቦኛ ፖሊስ በዘፈን መካከል ሃያ ሰው የሚዘርርበት ነበር።

ይህ የሆነው በ2013 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።) ለትምህርት ሄጄ እስከ 2019 አጋማሽ እዚያው ቆየሁ፤ ሁለት ጠቅላላ ምርጫም አየሁ። ከተመለስኩ በኋላም የህንድን ወሬ መከታተል አልተውኩም። ባለቤቴ “አንተ ግን የህንድ ፓርላማ አባል ነህ እንዴ?” ትለኛለች። ነገሩ የዜና ሱስ ብቻ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ኖሯል፦ ይህን ያህል ቋንቋ፣ ይህን ያህል ሃይማኖት፣ ይህን ያህል ድህነት ባለበት አገር ሰዉ በአገሩ የሚኮራው በምኑ ነው? የሚኮሩትስ ሁሉም በአንድ ነገር ነው?

ከመዝሙሩ ልጀምር። ፑኔ በምትገኝበት በማሃራሽትራ ግዛት ሲኒማ ቤቶች መዝሙሩን ማሰማት የጀመሩት በ2003 ነው። በኖቬምበር 2016 ደግሞ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመላ አገሪቱ ፊልም ከመጀመሩ በፊት መዝሙሩ እንዲሰማ፣ ተመልካቹም እንዲቆም አዘዘ። ሰዉ ጎረቤቱን መጠባበቅ የጀመረው ግን ከትእዛዙም በፊት ነበር። በዚያው ዓመት ጎዋ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ አንድ ሰው “ለምን አልቆምክም?” ተብሎ ሲኒማ ቤት ውስጥ መመታቱን በጋዜጣ አንብበናል። መቆም የማይችልን ሰው አልቆምክም ብሎ መምታት! በ2018 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አላልቶ መዝሙሩን ማሰማቱን ለሲኒማ ቤቶቹ ፈቃድ ተወው።

የሚገርመው፣ ይኸው ፍርድ ቤት በ1986 ፍጹም ሌላ መንፈስ ነበረው። ኬረላ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት መዝሙሩን አንዘምርም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ልጆቹ የይሖዋ ምሥክሮች ናቸው፤ መዝሙሩ ሲዘመር በአክብሮት ይቆማሉ፣ አፋቸውን ግን አይከፍቱም። ፍርድ ቤቱ መቆማቸው ይበቃል፣ ካልዘመሩ አገር አይፈርስም በሚል መንፈስ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ወሰነ። ኬረላ ለእኛ ሰው እንግዳ ስም አይደለም። በጃንሆይ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ እየተመደቡ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ የዚያ አገር ልጆች ናቸው። አባቴ እስከ ዛሬ የማባዛት ሠንጠረዥ ሲቆጥር ጭንቅላቱን እንደነሱ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል።

የመዝሙሩ ደራሲ ራቢንድራናት ታጎር ቢኖር ምን ይል እንደነበር አስባለሁ። ሰውየው በ1916 እና በ1917 ጃፓንና አሜሪካ እየዞረ ብሔርተኝነት ሰውን ወደ ማሽን የሚለውጥ አደገኛ ነገር ነው እያለ ንግግር ያደረገ ነው። ለእንግሊዝ አጎብዳጅ ስለነበረ እንዳይመስላችሁ፤ በ1919 የእንግሊዝ ወታደሮች አምሪትሳር ላይ ባዶ እጁን የተሰበሰበ ሕዝብ ሲጨፈጭፉ ከንጉሡ የተሰጠውን የክብር ማዕረግ አልፈልግም ብሎ የመለሰው እሱ ነው።

የተከራየሁት ጡረታ ከወጡ የባቡር ሠራተኛና ከባለቤታቸው ቤት ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ነበር። ህንድ አገር ታላቅን በስም መጥራት ነውር ነው። እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው እነሱ አንክልና አንቲ ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው ጠራኋቸው። አንቲ “ፒትላ” የሚሉትን የሽምብራ ዱቄት ወጥ ከማሽላ ቂጣ ጋር ሲያቀርቡልኝ እንባዬ ነው የመጣው፤ ሽሮ ነው፣ በርበሬው ብቻ ጠፍቶበት። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ማዕዳቸው ላይ አልጠፋም። የህንድን ፖለቲካ የተማርኩት ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ እዚያ ማዕድ ላይ ነው።

ኤፕሪል 2014 የምርጫው ቀን አንቲ በጠዋት ተነሥተው የሠርግ የሚመስል የሐር ሳሪ ለበሱ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ስዕለት ነጠላ ጫማቸውን ወልውለው ወጡ። ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው የግራ እጃቸውን ሌባ ጣት ቀሰሩልኝ፤ ጥፍራቸውና ቆዳቸው ላይ ወይን ጠጅ መስመር ተሰምሯል። ቀለሙን የሚሠራው ማይሶር ከተማ ያለ የመንግሥት ፋብሪካ ነው፤ ከ1962 ጀምሮ ለምርጫ ይውላል፣ በሳሙናም በሎሚም አይለቅም። “ማንን መረጡ?” አልኳቸው። “አርባ ዓመት አብሮኝ የኖረው ባሌ ያልሰማውን ላንተ ልንገርህ?” ብለው ወደ ማጀት ገቡ።

የእኚህን ሴት ኩራት ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ህንድ የመጀመሪያውን ጠቅላላ ምርጫ ከ1951 መጨረሻ እስከ 1952 መጀመሪያ ስታካሂድ 173 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቦ ነበር። ከአምስት ሰው አንዱ እንኳ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ለየፓርቲው ምልክት ተሰጠ፤ ኮንግረስ ጥንድ በሬ ደረሰው። የምርጫ ኮሚሽነሩ ሱኩማር ሴን የሒሳብ ሰው ነበሩ፣ ሥራውንም እንደ ሒሳብ ነው የሠሩት። በሰሜን ህንድ ብዙ ሴቶች ስማቸውን ለመዝጋቢ መናገር አሻፈረን ብለው “የእገሌ ሚስት”፣ “የእገሌ እናት” ተብለው ተጻፉ። ኮሚሽነሩ እንዲህ አይሆንም፣ ሰው በገዛ ስሙ ነው የሚመርጠው ብለው ወደ 2.8 ሚሊዮን ሴቶችን ከመዝገብ አስወጡ። ጭካኔ ይመስላል። በቀጣዩ ምርጫ ግን ሴቶቹ ስም ይዘው መጡ። እኚሁ ሰው በ1953 ጎረቤታችን ሱዳን ተጠርተው የመጀመሪያ ምርጫዋን መርተዋል።

ዛሬም ወጉ አልጠፋም። ማንም መራጭ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይጓዝ ተብሎ ጉጃራት ውስጥ አንበሶች በሚኖሩበት በጊር ደን ለአንድ መነኩሴ ብቻ የምርጫ ጣቢያ ይቋቋም ነበር። አንድ ሰው! ሹማምንቱ፣ ፖሊሱ፣ ማሽኑ ሁሉ ጫካ ይገባሉ፤ እሳቸው መጥተው ይመርጣሉ፤ የጣቢያው ተሳትፎ መቶ በመቶ ይሆናል። እንደኔ እንደኔ አገር በዚህ ቢኮራ ያምርበታል።

አንክል ግን በምርጫ የሚኮሩት በሌላ ምክንያት ነው። በ1974 የባቡር ሠራተኞች አገር ያናወጠ አድማ ሲመቱ እሳቸው ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት፣ ጁን 1975፣ ፍርድ ቤት የኢንድራ ጋንዲን የምክር ቤት ወንበር ሕገ ወጥ ነው ባለ በሁለት ሳምንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሯ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አስነገሩ። ጋዜጣ በሳንሱር ተያዘ፣ ተቃዋሚ ታሰረ፣ የድሃ ወንዶች በኮታ እየተያዙ እንዳይወልዱ ተደረጉ። “ባቡር በሰዓቱ መግባት ጀመረ ይሉ ነበር” ይላሉ አንክል፤ “እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ፤ በሰዓቱ የገባው ወሬው ነው።”

ሃያ አንድ ወር ቆየ። ከዚያ ኢንድራ ራሳቸው ምርጫ ጠሩ፤ የሚያሸንፉ መስሏቸው። የአድማው መሪ ጆርጅ ፈርናንዴዝ እስር ቤት ሆነው ተወዳድረው ከ300 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ኢንድራ የገዛ ወንበራቸውን እንኳ አጥተው ሥልጣን አስረከቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ሕዝብ መልሶ መረጣቸው። አንክል ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል፦ “ያወረድናትም እኛ፣ ያወጣናትም እኛ። ማንም አልነገረንም።”

ልጃቸው ይህን ወሬ ሲሰማ ያዛጋል። ሂንጄዋዲ በሚባለው የፑኔ የሶፍትዌር ሰፈር የሚሠራ፣ ለእኔም እንደ ወንድም የሆነ ደግ ልጅ ነው። ለናሬንድራ ሞዲ የመረጠው በሙሉ ልቡ ነው። ሜይ 2014 ውጤቱ ሲነገር የሞዲ ፓርቲ ቢጄፒ ከ543 ወንበር 282ቱን ለብቻው ወሰደ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ፓርቲ ብቻውን አብላጫ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። በሴፕቴምበር ደግሞ የህንድ መንኩራኩር በመጀመሪያ ሙከራዋ የማርስ ምሕዋር ውስጥ ገባች። ሳሪ የለበሱ፣ አበባ በጸጉራቸው የሰኩ ሴት ባለሙያዎች ተቃቅፈው ሲስቁ የሚያሳየው ፎቶ በየስልኩ ዞረ። ልጁ አንድ ኪሎ ጣፋጭ ገዝቶ ፎቁን ሁሉ አዳረሰ።

“ይሄ የኔህሩ ዘመን ዘር ነው” አሉ አንክል፣ ጣፋጩን እየበሉ።

“አባባ፣ እናንተ ስልክ ለማስገባት ስንት ዓመት ወረፋ ጠበቃችሁ? ውጭ አገር ስሄድ እባብና ላም ነበር የሚጠይቁኝ። አንድ ሰው መጥቶ ቀና በሉ ቢለን ምን አጠፋ?”

ልጁ እውነት አለው። ሻይ ሸጦ ያደገ ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን፣ አባቱም አያቱም ጠቅላይ ሚኒስትር ያልነበሩ ሰው ሲመራቸው፣ ብዙ ተራ ህንዳዊ ትከሻው ሰፋ። ይህን ስሜት የሚንቁ ምሁራን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሞልተው ነበር፤ ለእኔ ንቀታቸው ራሱ ለሞዲ ድምፅ የሚሰበስብ ይመስለኝ ነበር።

ችግሩ ኩራቱ ቀስ በቀስ መልኩን መለወጡ ነው። “ሠራን” ከሚለው ወጥቶ “በል፣ አንተም በል” ወደሚለው ሄደ። ማርች 2016 በማሃራሽትራ ምክር ቤት አንድ ሙስሊም እንደራሴ “ባራት ማታ ኪ ጄይ” በል ቢባል፣ “ጄይ ሂንድ” እላለሁ፣ ያንን ግን አልልም በማለቱ ከስብሰባው ታገደ። ተቃዋሚዎቹም እገዳውን ደገፉ፤ ማን “አገሩን አይወድም” ሊባል ይፈልጋል? በዚያው ሰሞን አንድ ሙስሊም የክፍሌ ልጅ ቤት ሲፈልግ በስልክ ስሙን በተናገረ ቁጥር “ክፍሉ ተይዟል” ይሉታል። እስቲ እኔ ልሞክር አልኩና ያንኑ ቁጥር ደወልኩ፤ ክፍሉ አልተያዘም። በአካል ስሄድና መልኬን ሲያዩ ግን ለእኔም ተያዘ። እየሳቅን ሻይ ጠጣን፤ ሳቁ ግን ለእሱ እንደኔ ቀላል አልነበረም። እኔ የምመለስበት አገር አለኝ፤ እሱ አገሩ ነው።

ሌላ ጓደኛዬ ከናግፑር አካባቢ የመጣ ዳሊት ነው፤ በድሮ አጠራር “የማይነኩ” ከሚባሉት ወገን። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለው የዶክተር አምቤድካር ፎቶ ነው። ዳሊት ሆነው ተወልደው፣ ውጭ ተምረው፣ የህንድን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ የመሩ ሰው ናቸው። በየአደባባዩ ሐውልታቸው ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ ሕገ መንግሥቱን በብብቱ ይዞ ጣቱን ይቀስራል። ይህ ጓደኛዬ ከፑኔ ወጣ ብላ ወዳለች ኮሬጋዎን ብሂማ የተባለች መንደር አንድ ጊዜ ወሰደኝ። እዚያ እንግሊዞች ያቆሙት ሐውልት አለ። በጃንዋሪ 1, 1818 የእንግሊዝ ኩባንያ ጦር የፑኔን ገዢ የፔሽዋን ሠራዊት የተቋቋመበት ቦታ ነው፤ ከእንግሊዝ ጎን ከተዋጉት ብዙዎቹ ዳሊቶች ነበሩ። ለሌላው ህንዳዊ ይህ የቅኝ ገዢ ድል ነው። ለዳሊቶች ግን በጥላቸው እንኳ ያረክሳሉ ይባሉ የነበሩ አያቶቻቸው ጌቶቻቸውን ፊት ለፊት የገጠሙበት ቀን ነው፤ በየዓመቱ በሺዎች እየመጡ ያከብሩታል። በ2018 ሁለት መቶኛ ዓመቱ ሲከበር ጥቃትና ብጥብጥ ተነሥቶ ሰው ሞተ። እኛም ሐውልት የሚያጣላን ስለሆንን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። በ2017 ከፑኔ በአውቶቡስ ወደ አውራንጋባድ ሄድኩ። ከተማዋን በ1610 የቆረቆራት ማሊክ አምባር ነው፤ በ1548 ገደማ ከኢትዮጵያ ምድር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ከገበያ ገበያ ሲሻገር ደቡብ ህንድ የደረሰ ሰው። ባሪያ ሆኖ ገብቶ የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆነ። የሞጎሉን ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊርን በሽምቅ ውጊያ ስላስጨነቀው፣ ንጉሡ በጦር ሜዳ ያልቻለውን በሥዕል ተወጣው፤ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። አምባር የሞተው ግን አርጅቶ ነው፣ በ1626። ለከተማዋ ያስቆፈረው የመሬት ውስጥ የውሃ መስመር ቅሪት ዛሬም አለ። ኩልዳባድ በምትባል ትንሽ ከተማ ጉልላት ያለው መቃብሩን አየሁ። አስጎብኚ የለም፣ ወረፋ የለም፤ ሁለት ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

ያን ከተማ ሞጎሎች አውራንጋባድ አሉት፤ በ2023 ደግሞ መንግሥት በአንድ የማራታ ንጉሥ ስም ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር አለው። ሳምባጂን አውራንግዜብ በግፍ አስገድሎታል፤ ስለዚህ ለማራታዎች የስሙ ለውጥ የቆየ ቁስል መሻር ነው፣ ይገባኛል። የሳምባጂ አያት ሻሃጂ ግን በ1624 ከዚያው ከሀበሻው አምባር ጎን ተሰልፈው ተዋግተው ነበር። ይህን ለልጁ ብነግረው “ትምህርት ቤት አላስተማሩንም” አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፤ እኛንስ ማን አስተማረን? “ሀብሺ” የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ በህንድ መንገድ ላይ ለጥቁር ሰው የሚወረወር ስድብ ሆኗል። እኛ የምንኮራበት ስም! በሌላ በኩል ዴልሂ ውስጥ “ሀብሺ ሃልዋ” የሚባል ጠቆር ያለ ጣፋጭ አለ፤ ስድቡ ሲበዛብኝ እሱን አስባለሁ።

ጃንዋሪ 22, 2024 ሞዲ አዮድያ ላይ የራማን ቤተ መቅደስ መረቁ። በ1992 በመንጋ የፈረሰ የባብሪ መስጊድ የነበረበት ቦታ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ማፍረሱ ሕገ ወጥ ነበር ብሎ፣ ቦታውን ግን ለቤተ መቅደሱ ሰጥቷል። ቴሌቪዥኑ ሁሉ ስለዚህ ብቻ አወራ፤ ልጁ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አዮድያ ሄዶ ፎቶ ላከልኝ። በፎቶው ደስ ብሎታል፣ ደስታው የእውነት ነው። የሙስሊሙ የክፍሌ ልጅ የዚያን ቀን የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ ዘግቶ ዋለ።

ከዚያ ምርጫ መጣ። 968 ሚሊዮን ተመዝጋቢ፣ ሰባት ዙር፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ፣ በዚያ በሚያነድ ሙቀት። የሞዲ ሰዎች ከ400 ወንበር በላይ እንወስዳለን አሉ። ዳሊቶቹ ይህን ሲሰሙ “400 ለምን አስፈለጋችሁ? የአምቤድካርን ሕገ መንግሥት ልትቀይሩ ነው?” አሉ። ጁን 4 ሲቆጠር ቢጄፒ 240 አገኘ። ሞዲ በአጋር ፓርቲዎች ድጋፍ ለሦስተኛ ጊዜ መንግሥት መሠረቱ። አዮድያ የምትገኝበት የፋይዛባድ ወንበር ግን ከእጃቸው ወጣ፤ ያሸነፉት አዋዴሽ ፕራሳድ የተባሉ ሽማግሌ ዳሊት ናቸው። ለመንገድ ማስፋፊያ ቤትና ሱቃቸው የፈረሰባቸው የከተማዋ ሰዎች ቅሬታም ነበረበት ተብሏል። ከእነዚሁ መካከል ብዙዎቹ ቤተ መቅደሱ በመሠራቱ የተደሰቱ ሂንዱዎች መሆናቸውን አትርሱ። በቤተ መቅደሱም ደስ ብሏቸዋል፣ በጣታቸውም ሌላ ሰው መርጠዋል።

ኦገስት 15 የነፃነት ቀናቸው ስለሆነ በዚያ ዓመትም ልጠይቃቸው ደወልኩ። አንክል በረንዳው ላይ የሰቀሉት ባንዲራ የካዲ ነው፤ በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ። ድሮ ተራ ሰው ባንዲራ መስቀል የሚችለው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነበር፤ አንድ የኢንዱስትሪ ባለሀብት ለዓመታት ተከራክሮ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስቀል መብት ነው አለ። አንክልም ያኔ ገዙ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ መንግሥት ደንቡን አሻሽሎ ከፖሊስተር በማሽን የተሠራ ባንዲራ ፈቀደ፤ በማግስቱ ዓመት “በየቤቱ ባንዲራ” የሚለው ዘመቻ ሲመጣ ልጁ ከዚያ ገዛ። አባትየው ጋንዲ የእንዝርት ክር ያስያዘን ለዚህ ነው ወይ ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉ። አሁን ሁለቱም ባንዲራዎች በአንድ ሐዲድ ላይ ጎን ለጎን ታስረዋል።

ቪዲዮውን የያዙት አንቲ ናቸው። ኦገስት ፑኔ ላይ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ካዲው ውሃ ጠጥቶ ተንጠልጥሏል። ከኋላ አባትና ልጅ ስለ ምርጫው ውጤት ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል። አንቲ ስልኩን ወደ ባንዲራዎቹ አስጠግተው “የልጁ ቶሎ ይደርቃል” አሉኝ፤ ቀጥለውም ሚስቴ ፒትላውን በበርበሬ ሞክራው እንደሆነ ጠየቁኝ።